ምስክርነቱ የፍርድ ቤቱ እንጂ የቡድኑ አይደለም

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱ ወጣቶች በተከሰሰ የቡድን ጓደኛቸው ጉዳይ ለምስክርነት ስለ መጠራታቸው የወጣውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ልጆቹ ፍርድ ቤት ቆመው መናገራቸውን የመልበሻ ክፍልን ምስጢር እንደ ማውጣት ቆጥረው አዝነውበታል። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም አሰልጣኙ ቡድኑን ሰብስቦ ሁሉም አንድ ቃል እንዲይዝ እንዲያደርግ፣ ዩኒቨርሲቲውም በራሱ ጠበቆች አማካይነት ተጫዋቾቹን እንዲከላከል ነው። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክራቸው ሥራ ላይ ቢውል፣ ሊያድኗቸው ያሰቧቸውን ልጆች ከምስክር ወንበር አንሥቶ ተከሳሽ ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው የሚችል በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ለረጅም ዘመን ስሠራ የምስክሮችን ቃል ከዚህም ከዚያም ወገን ሆኜ ስለሰማሁ፣ የምናገረው ከስፖርቱ ይልቅ ከችሎቱ በኩል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

መነሻው ላይ ያለውን ስሕተት በአጭሩ ላንሣ። ጽሑፉ ምስክሮቹ ፈቅደው የሄዱ አስመስሎ ነው የሚናገረው። ይሁን እንጂ መጥሪያ ግብዣ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። መጥሪያ የደረሰው ሰው ሳይቀርብ ቢቀር ዳኛው ችሎት በመድፈር ሊቀጣው፣ አስገድዶም ሊያስቀርበው ይችላል። ደግሞም የሚጠራው ዐቃቤ ሕግ ብቻ አይደለም። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ማሻሻያ ለተከሳሹ ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ በእሱ ላይ የሚመሰክሩትን ፊት ለፊት የመሞገት መብትና የሚጠቅሙትን ምስክሮች በፍርድ ቤት ኃይል የማስቀረብ መብት። ስለዚህ «በጓደኛው ላይ መሰከረ» ተብሎ የተነወረው ልጅ በተከሳሹ በራሱ ጠበቃ የተጠራ ሊሆን ይችላል፤ ጋዜጣ አንባቢውም ይህን ሳያውቅ ይፈርድበታል።

ሕጉ ከመመስከር የሚጠብቃቸው ግንኙነቶች እንዳሉ አይካድም። ጠበቃና ደንበኛ፣ ባልና ሚስት፣ የንስሐ አባትና ተናዛዥ፣ እንዲሁም የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 እንደ ወሰነው የሥነ ልቦና ሐኪምና ታካሚ፣ በየግዛቱ ልዩነት ቢኖርም በተወሰነ ደረጃ ጥበቃ አላቸው። የቡድን ጓደኝነት ግን ከእነዚህ መካከል የለም፤ የአሰልጣኝና የተጫዋች ግንኙነትም እንዲሁ። ልጁ ሌሊት ላይ ለአሰልጣኙ ደውሎ የነገረው ነገር በማግስቱ አሰልጣኙን ራሱን ምስክር ያደርገዋል እንጂ ተቀብሮ አይቀርም። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በመዛወርም ከምስክርነት አይመለጥም። ከ2018 ወዲህ በተዘረጋው የዝውውር ሥርዓት ተጫዋቾች በየዓመቱ ከግዛት ግዛት ይበተናሉ፤ ሆኖም ግዛቶቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በተቀበሉት ወጥ ሕግ መሠረት ችሎቱ ያለበት ፍርድ ቤት ለምስክሩ መኖሪያ ፍርድ ቤት ማረጋገጫ ይልካል፣ በዚያ ያለውም ዳኛ ምስክርነቱ አስፈላጊ መሆኑን ካመነ ልጁ ተጉዞ እንዲቀርብ ያዛል።

ለመሆኑ እነዚህ ወጣቶች የሚጠየቁት ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ተጫዋች ተነሥቶ «አዎን፣ እሱ ነው ያደረገው» ሲል ነው። በእውነተኛው ችሎት የሚነሡት ጥያቄዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን ናቸው፤ ስንት ሰዓት ላይ ተለያያችሁ፣ በሩ ተቆልፎ ነበር ወይ፣ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ነበር ወይ፣ ምን ያህል ጠጥቶ ነበር የሚሉ። በግንቦት 2010 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ላክሮስ (ጫፉ መረብ ባለው ዘንግ ኳስ የሚቀባበሉበት ጨዋታ) ቡድን ተጫዋች የነበረ ወጣት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ላክሮስ ቡድን ውስጥ ትጫወት የነበረችውን የቀድሞ ፍቅረኛውን በመግደል ተከሰሰ። ጉዳዩ በየካቲት 2012 በሻርለትስቪል ሲታይ የቡድን ጓደኞቹ ቀርበው በዚያ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ይጠጣ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ይህ ቃል የማን ወገን ነው? ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው አስቦና አቅዶ በመግደል ነበር፤ የስካሩ መጠን ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ክርክር ውስጥ በሁለቱም ወገን የሚመዘን ነገር ነው። ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛነትን የሚወስነው ቡድን) በመጨረሻ ጥፋተኛ ያለው በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ሲሆን የተፈረደበትም 23 ዓመት ነው። ከእነዚያ ተጫዋቾች መካከል ቃሉ ጓደኛውን ይጉዳው ይጥቀመው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል አልነበረም፤ ማወቅም የእሱ ሥራ አልነበረም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ «አሰልጣኙ ቡድኑን ሰብስቦ አንድ ቃል ያስይዝ» ወደሚለው ምክር።

ፍርድ ቤት ምስክሮችን ለያይቶ የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። በፌዴራሉ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 615 መሠረት አንዱ ወገን ከጠየቀ ዳኛው ገና ያልመሰከሩትን ከችሎት ማስወጣት አለበት፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ዓላማው የኋለኛው ምስክር የፊተኛውን ሰምቶ ቃሉን እንዳያስተካክል ነው። ይኸው ደንብ በታኅሣሥ 2023 ተሻሽሎ፣ ዳኛው ከችሎቱ ውጭም ቢሆን የአንዱ ምስክር ቃል ለሌላው እንዳይደርስ ማዘዝ እንደሚችል በግልጽ ተጽፎበታል። አሁን ይህን ደንብ ይዘን ወደ አንድ የኮሌጅ ቡድን እንመልከት። ልጆቹ በአንድ ሕንፃ ያድራሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ በአንድ አውቶቡስ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይጓዛሉ፣ በስልካቸውም ላይ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ የቡድን ግሩፕ አላቸው። ለመለያየት ከዚህ የሚከብድ የምስክሮች ስብስብ ማግኘት ያዳግታል። አሰልጣኙ ባይጨምርበት እንኳ ቃላቸው በራሱ ጊዜ ይቀላቀላል።

መቀላቀሉ ውሸት ላያስመስልም ይችላል፤ ከባዱም ነገር እሱ ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1974 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ የመኪና ግጭት በፊልም ያዩ ሰዎች መኪኖቹ «ሲነካኩ» እና «ሲላተሙ» ተብለው ሲጠየቁ የሚገምቱት ፍጥነት እንደ ቃሉ ብርታት ይለያይ ነበር፤ ከሳምንት በኋላም ጠንካራውን ቃል የሰሙት በፊልሙ ውስጥ ያልነበረ የተሰባበረ መስተዋት አየን ለማለት የበለጠ ዝንባሌ አሳይተዋል። ማንም አልዋሸም፤ ትዝታቸው በሰሙት ቃል ተለውጦ ነው። እንግዲህ ሦስት ልጆች በዚያ ሌሊት ያዩትን በየግላቸው ሳይናገሩ በፊት፣ ሥልጣን ያለው አሰልጣኝ በሌላው ፊት አስቀምጦ «ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው የተመለስነው፣ አይደል?» ቢላቸው ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። የተከሳሹ ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ የሚያነሣው የመጀመሪያ ነገር ያ ስብሰባ ይሆናል። ማን ጠራው፣ ማን ተናገረ፣ ከስብሰባው በፊት ለፖሊስ ስንት ሰዓት ብለህ ነበር፣ አሁንስ ለምን ተለወጠ? ልጁ እውነቱን የተናገረ ቢሆንም እንኳ ጁሪው አያምነውም። አንድ ዓይነት ቃል፣ በተለይ በአንድ ዓይነት አገላለጽ ሲደጋገም፣ ችሎት ውስጥ የተጠና መዝሙር ይመስላል።

የድሮውን አፈርሳታ የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። በዚያ ሥርዓት አገሬው በሙሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከሥራው ይታገድ ነበር፤ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ስብሰባው የተጠራው ነገሩ እንዲወጣ ነው። ጸሐፊው የሚያስቡት የአሰልጣኝ ስብሰባ ግን ሰውን ሁሉ የሚያግደው ነገሩ እንዳይወጣ ነው።

ከዚህ የከፋውም ደርሷል። በሰኔ 2013 በናሽቪል ከተማ በሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አራት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ በአንዲት ተማሪ ላይ በተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ተከሰሱ። አምስተኛው ተጫዋች በድርጊቱ ተካፋይ ነው አልተባለም። ነገር ግን ነገሩን ለመሸፈን ለጓደኞቹ ምክር በመስጠቱ በዚያው ዓመት በቀላል ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ ለዐቃቤ ሕግም ሊመሰክር ተስማምቶ፣ ከቡድኑ ተሰናበተ። የጓደኛ ምክር፣ ያውም በአንድ ሌሊት የስልክ መልእክት፣ የሰውን ሕይወት ወዴት እንደሚወስደው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በፌዴራል ሕግ በሐሰት የመሰከረ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ምስክርን በማስፈራራት ወይም በተንኮል አግባብቶ ቃሉን እንዲለውጥ ወይም እንዲደብቅ የሚያደርግ ሰው ግን የሚጠብቀው ቅጣት እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ሕጉ ከዋሸው ይልቅ አዋሹን አጥብቆ እንደሚቀጣ «አንድ ቃል ያስይዝ» የሚለውን ምክር የሚሰጡ ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው።

በዚያው የናሽቪል ጉዳይ ላይ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ነገር አለ። በጥር 2015 ጁሪው በሁለቱ ተከሳሾች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጥቶ ነበር፤ በሰኔ ወር ግን ከጁሪው አባላት አንዱ ቀደም ሲል ራሱ የጥቃት ሰለባ እንደ ነበረ ሳይገልጽ መቅረቱ ታውቆ ውሳኔው ተሻረ። በ2016 ችሎቱ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደ አዲስ ተካሄደ፤ ሁለቱም እንደገና ጥፋተኞች ተባሉ። በ2017 ደግሞ የሦስተኛው ተከሳሽ ተራ ደረሰ። ጉዳዩ ሲጀምር የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረ ምስክር ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላም ያንኑ ሌሊት እንዲያስታውስ ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚሰጠው ቃል በጽሑፍ ይያዛል፤ በሚቀጥለው ዙር አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቀለም ቢለይ የቀደመው ቃል ተነቦ ይሞገትበታል። አሰልጣኙ ያስያዘውን ቃል ለአራት ዓመት ሳያዛንፍ የሚሸከም ወጣት ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ያየውን የተናገረ ግን የሚሸከመው ትዝታውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ሁሉም ሄዶ የሚያውቀውን ይዘርግፍ ነው የምትለን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። በተቃራኒው ጫፍ ያለውም ስሕተት እኩል አደገኛ ነው፤ ለዚህም የዱክ ዩኒቨርሲቲው ጉዳይ አለ። በመጋቢት 2006 በሰሜን ካሮላይና ደርሃም ከተማ የላክሮስ ቡድኑ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ አንዲት ሴት ተደፈርሁ አለች። የቡድኑ አምበሎች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ጠበቃ ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፤ 46 ተጫዋቾችም የዲኤንኤ ናሙና ሰጡ። ከዚያ በኋላ በጠበቃ ምክር ዝም ሲሉ የወቅቱ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ናይፎንግ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረበ ዝምታቸውን የጥፋት ምልክት አደረገው፤ ሕዝቡም ተከተለው። የውድድር ዘመኑ ተሰረዘ፣ አሰልጣኙ ለቀቀ፣ ሦስት ተጫዋቾች ተከሰሱ። በሚያዝያ 2007 ግን የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮይ ኩፐር ክሱን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ ሦስቱም ንጹሐን መሆናቸውን በይፋ ተናገረ፤ ናይፎንግም ለተከሳሾቹ የሚጠቅም የዲኤንኤ ውጤት በመደበቁና በሌሎች ጥፋቶች በሰኔ ወር የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ። ያኔ «ለምን አይናገሩም?» ብሎ የጮኸ ሁሉ የሚናገሩት ነገር ላይኖር እንደሚችል አላሰበም ነበር።

ዝም የማለት መብት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። አምስተኛው ማሻሻያ ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይጠብቃል። ጓደኛን ከመወንጀል ግን አይጠብቅም። ምስክሩ መብቱን የሚያነሣው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ነው እንጂ «አልናገርም» ብሎ ከወንበሩ ለመውረድ አይችልም፤ ዐቃቤ ሕጉም ቃሉን በራሱ ላይ ላለመጠቀም ዋስትና ከሰጠው በኋላ እንዲናገር ሊገደድ ይችላል። የኮሌጅ ተጫዋቾችን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ብዙዎቹ ከ21 ዓመት በታች መሆናቸው ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ከዚያ ዕድሜ በታች አልኮል መግዛት አይፈቀድም። «በዚያ ሌሊት ምን ጠጣችሁ? መጠጡንስ ማን ገዛው?» የሚለው ተራ የሚመስል ጥያቄ ምስክሩን ራሱን ሊያስጠይቀው ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን እንዲወስን መተው ግፍ ነው። «አላስታውስም» የሚለው መውጫም የሚመስለውን ያህል አያዋጣም፤ እያስታወሰ አላስታውስም ያለ ሰው በቃለ መሐላ ዋሽቷል።

ለዚህ ነው ጠበቃ ያስፈልጋል በሚለው ከጸሐፊው ጋር የምስማማው፤ የማልስማማው የማን ጠበቃ በሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያመጣው ጠበቃ ደንበኛው ዩኒቨርሲቲው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ስለ ድርጅቶች በሰጠው ውሳኔ መሠረት አንድ የድርጅት ጠበቃ ከሠራተኞች ጋር ያደረገው ንግግር በምስጢር ሊጠበቅ ይችላል፤ ግን የምስጢሩ ባለቤት ድርጅቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ነገ ጥቅሙ ሲለወጥ ምስጢሩን ራሱ አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል፤ ልጁ ደግሞ ለራሱ ጠበቃ የነገረ መስሎት ሁሉን ዘርግፎ ተገኝቷል። የዩኒቨርሲቲው ጥቅም ከልጁ ጋር አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ተቋሙ ራሱ በካሣ ሊከሰስ በሚችልበት ጉዳይ፣ ማደሪያው በቂ ጥበቃ ነበረው ወይ፣ አሰልጣኙ ቀድሞ ሰምቶ ነበር ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሲነሡ፣ ሁለቱ በተቃራኒ በኩል ይቆማሉ።

ከችሎቱ በፊት የሚመጣውን የግቢ ውስጥ ምርመራም መርሳት አይገባም። በትምህርት ተቋማት የጾታ አድልዎን በሚከለክለው በ1972ቱ የታይትል ናይን ሕግ መሠረት ዩኒቨርሲቲው የወሲብ ጥቃት አቤቱታ ሲደርሰው የራሱን ማጣሪያ ያካሂዳል፤ ተጫዋቾቹም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቃላቸውን የሚሰጡት እዚያ ነው፤ አካሄዱ ወንጀል ችሎት ስላልሆነም ሳይዘጋጁ፣ አንዳንዴም ጉዳዩን አቅልለው ይናገራሉ። ያ ቃል ግን አይጠፋም። የተማሪን መዝገብ የሚጠብቀው የ1974ቱ ሕግ ራሱ፣ ሕጋዊ መጥሪያ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ለማሳወቅ ተገቢውን ጥረት አድርጎ መዝገቡን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ልጁ ከወራት በኋላ ምስክር ወንበር ላይ ሲቀመጥ በግቢው ቢሮ የተናገረው ቃል በወረቀት ሰፍሮ በመስቀለኛ ጠያቂው ጠበቃ እጅ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ማድረግ ያለበት ገንዘቡን መክፈልና እጁን ማንሣት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ክፍያው ከሌላ ሰው ቢመጣም ደንበኛው እስከተስማማና ከፋዩ በጠበቃው ውሳኔ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ይህን ይፈቅዳል። ገንዘቡ የለም የሚል ሰው ካለ፣ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀው የኮሌጅ ተጫዋቾች ክፍያ ስምምነት ውስጥ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ለተጫዋቾቻቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ለተጠሩ ምስክሮች የጥቂት ሰዓታት የጠበቃ ክፍያ ኢምንት ነው። ራሱን የቻለ ጠበቃ ያለው ልጅ የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ ምክር ብቻ አይደለም። ጠበቃው ለጠሪው ወገን ደውሎ ልጁ ቀኑን ሙሉ በኮሪደር ከመቀመጥ ይልቅ ሲፈለግ በስልክ እንዲጠራ ያስተካክላል፣ ጉዞና ፈተና ካለው አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ቀጠሮው ሲተላለፍም ይከታተላል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለምስክር የሚከፈለው አበል በቀን 40 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ለሌላ ግዛት ተማሪ እንዲህ ያለው ማስተካከያ ትልቅ እፎይታ ነው።

የሚቀረው የበቀል ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር መፍትሔው ለእኔም ግልጽ ሆኖ አይታየኝም። ትልልቆቹ ሊጎች ከ2015 ጀምሮ ስኮላርሺፕ በብቃት ምክንያት እንዳይቋረጥ ደንብ አውጥተዋል። የመሰለፍ ዕድል ግን በአሰልጣኙ እጅ ነው። ትናንት ቋሚ ተሰላፊ የነበረ ልጅ ከመሰከረ በኋላ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀር «ብቃቱ ወርዶ ነው» የሚለውን ማን ያስተባብላል? ቢያንስ አሰልጣኙ ስለ ጉዳዩ ከምስክሮቹ ጋር እንዳይነጋገር በጽሑፍ ቢታዘዝ፣ አቤቱታ የሚሰማውም ከስፖርት ክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው ቢሆን፣ በቀሉን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም አስቸጋሪ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ስለ ታማኝነት የሚነሣውን ክርክር አንድ ጊዜ ብቻ ልንካው። በ1978 እና 79 የውድድር ዘመን የቦስተን ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተዋውለው የጨዋታ ውጤት ልዩነትን በማዛባታቸው በ1981 በብሩክሊን የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳዩ ሲታይ፣ ከቀረቡት ምስክሮች መካከል ሄንሪ ሂል የተባለው የወንጀለኛ ቡድን አባልና ከተከሳሹ ጋር በአንድ ማልያ የተጫወተ ልጅ ይገኙበታል። ጥፋተኛ የተባለው ተጫዋች መጀመሪያ 10 ዓመት ተፈርዶበት በኋላ ተቀንሶለታል። በዚያ ጉዳይ የተካዱት ሳያውቁ ሲሮጡ የነበሩት ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች ናቸው፤ የመልበሻ ክፍሉ ምስጢር ይጠበቅ ቢባል ይጠበቅ የነበረው በእነሱ ኪሳራ ነበር።

የተከሳሹ ጠበቃ ስለ ጸባዩ እንዲመሰክሩ ተጫዋቾችን በጅምላ መጥራቱም ጸሐፊው እንደሚያስቡት ሁልጊዜ ደግነት አይደለም። ምስክሩ «ጥሩ ልጅ ነው» ባለ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ «ባለፈው ዓመት ሰው መማታቱንስ ሰምተሃል?» ብሎ ለመጠየቅ በሩ ይከፈትለታል፤ ይህም ከ1948 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የጸና አሠራር ነው። ቡድኑ በአንድ ዓይነት ኮት ለብሶ የችሎቱን ወንበሮች ሞልቶ ሲቀመጥ ደግሞ ለተከሳሹ ድጋፍ ከመሆኑ በላይ አንዲትን የግል ተበዳይ ምስክር ወንበር ላይ ተቀምጣ እንዳትናገር የሚያስፈራ ነው፤ ብችል ኖሮ ይህንን ጨርሶ እከለክለው ነበር።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ምስክሩን ማን እንደ ጠራው፣ ዐቃቤ ሕግ ይሁን ተከሳሽ፣ ሁልጊዜ እንድትጽፉልን፤ ያልተከሰሰን ልጅ ፎቶና የማልያ ቁጥርም ከተከሳሹ ፎቶ ጎን እንዳታወጡ። ልጆቻቸው በኮሌጅ ቡድኖች ለሚጫወቱ አንባቢዎቻችሁም፣ ቤታቸው መጥሪያ የደረሰ ቀን መጀመሪያ ከጠበቃ ጋር እንጂ ከአሰልጣኙ ጋር እንዳይነጋገሩ፣ ከልጁ ስልክ ላይም አንዲት መልእክት እንኳ እንዳትጠፋ አደራ በሉልኝ። ለጠበቃ አቅም የሌላቸው ከዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ወይም ከአካባቢው የጠበቆች ማኅበር ነፃ ምክር የሚገኝበት መንገድ መኖር አለመኖሩን በዚያው ቀን ቢጠይቁ ጊዜ አያጠፉም፤ በመጥሪያው ላይ የተጻፈው ቀን ብዙውን ጊዜ ቅርብ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ቋሚ አንባቢያችሁ